የካራማራ ዝገትና የጄኔራል ኦቾአ ዕጣ

ከሐረር ተነስቶ ወደ ጅጅጋ የሚጓዝ ሰው ባቢሌን ካለፈ በኋላ በዳካታ ሸለቆ አንዱ በሌላው ላይ የተቆለሉትን ድንጋዮች እያየ ሲደነቅ ይቆይና፣ ቆየት ብሎ ደግሞ የካራማራ ተራራ ፊቱ ላይ ድቅን ይልበታል። አስፋልቱ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ከማለፊያው አናት ላይ ሲደረስ የጅጅጋ ሜዳ እንደ ሰፌድ ተዘርግቶ ይታያል፤ ነፋሱም ከዚያ ይጀምራል። እኔ ይህን መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩበት በአንድ የካቲት ወር ነው። ወሩን የመረጥኩት ሆን ብዬ ነው። ሚሊሺያው አባቴ በሕይወት ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በየካቲት 1970 ዓ.ም. በዚህ ተራራ አካባቢ ነበርና።

ሾፌሬ ጅጅጋ ተወልዶ ያደገ የሶማሌ ተወላጅ ነው። የመጣሁበትን ጉዳይ ስነግረው በቀጥታ የወሰደኝ ወደ አባቱ ቤት ነበር። ሽማግሌውን አደር እያልኩ እንድጠራቸው አስቀድሞ መከረኝ፤ በሶማልኛ አጎቴ እንደማለት ነው። አደር በግመል ወተት የተፈላ ሻሂ እያስቀዱልን ያን ዓመት አወሩልኝ። ጦሩ በተመለሰ ጊዜ ሚስታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው ሌሊት ለሌሊት ወደ ሐርጌሳ የሸሹ ሰው ናቸው። የኔ አባት ወደዚህ ሲመጣ እሳቸው ከዚህ ይወጡ ነበር ማለት ነው። ይህን ስንረዳ ሁለታችንም ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን። ከዚያ ልጃቸውን ጠርተው በደገሃቡር መስመር ያለውን ታንክ እንዲያሳየኝ አዘዙት።

ታንኩ ከመንገዱ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ገባ ብሎ ቆሟል። መድፍ የሚሸከመው አናቱ የለም፤ ሰንሰለቱም የለም። ዝገቱ የአፈሩን ቀለም ስለያዘ ከሩቅ ሲታይ ድንጋይ ይመስላል። ከሥሩ ሦስት ፍየሎች ጥላ ይዘው ተኝተዋል። የፍየሎቹ ጠባቂ የሆነች ልጅ ያጠበችውን ነጠላ ጨርቅ በጀርባው ላይ አስጥታለች። ሾፌሩ ወደዚያ ስንሄድ ፍየል የረገጠበትን ቀጭን መንገድ እንዳልስት ደጋግሞ አስጠነቀቀኝ። በዚያ አገር ይህ የቆየ ጥንቃቄ ነው፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የማን ታንክ ነው? የመጀመሪያው ጥያቄዬ ይህ ነበር። እኔ ስለ ታንክ የማውቀው ጥቂት ነው፤ እሱንም ያስተማሩኝ አንድ በጡረታ ላይ ያሉ የብረት ለበስ ወታደር ናቸው። ጎማ መቁጠር እንደሚበቃ ነግረውኝ ነበር። አሜሪካ ሠራሹ ኤም-47 በየጎኑ ስድስት ጎማ አለው። የሶቪየቱ ቲ-55 አምስት ነው፤ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ጎማ መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት ስላለው በቀላሉ ይለያል። ቆጠርኩ። አምስት ነው፤ ክፍተቱም አለ። ጦርነቱ ሲጀመር ቲ-55 የነበረው የሶማሊያ ጦር ሲሆን የኛው በአብዛኛው በአሜሪካ መሣሪያ የታጠቀ ነበር። ሶቪየት ኅብረት ፊቷን ወደ አዲስ አበባ ካዞረች በኋላ ግን ቲ-55 በኛም በኩል፣ በኩባውያኑም በኩል ተሰልፏል። ስለዚህ ጎማ መቁጠሬ ምንም አልፈየደልኝም።

ብዙዎቻችን በመንገድ ዳር የምናየው የዛገ ታንክ ሁሉ የጠላት እየመሰለን እናልፋለን። ቁጥሩ የሚናገረው ሌላ ነው። ስለዚህ ጦርነት በጥልቀት ያጠኑት የታሪክ ተመራማሪ ገብሩ ታረቀ ባቀረቡት አኃዝ መሠረት ኢትዮጵያ 139 ታንኮች፣ 108 ብረት ለበስ ተሽከርካሪዎችና 1,399 ሌሎች ተሽከርካሪዎች አጥታለች። ሶማሊያ ያጣችው ደግሞ 72 ታንኮች፣ 30 ብረት ለበሶችና 90 ተሽከርካሪዎች ነው። አሸናፊው ከተሸናፊው እጥፍ የሚጠጋ ታንክ ሜዳ ላይ ጥሏል። የሞቱት ወታደሮች በሁለቱም ወገን ከስድስት ሺህ በላይ ናቸው። ኩባውያኑ ደግሞ 160 ያህል ሰው ቀብረዋል።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለ አባቴ አይደለም፤ ስለ እሱ የማውቀው አንድ ገጽ አይሞላም። ላወጋችሁ የፈለግሁት እነዚህ ብረቶች በካራማራ ዙሪያ እንዲሽከረከሩ ካዘዙት ሰዎች አንዱ ስለነበረውና ኋላ እሱም እንደ ብረቱ ስለተጣለው ሰው፣ ስለ ኩባዊው ጄኔራል አርናልዶ ኦቾአ ሳንቼዝ ነው። በአንቱታ አልጠራውም። ያደግሁበት ቋንቋ ጓዶችን ሁሉ አንተ ማለት አስለምዶኛል፤ አሁን ልቀይረው ብል አይሆንልኝም። ይህንንም ወደ ፊት አስረዳለሁ።

ኦቾአ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1930 በምሥራቅ ኩባ፣ ዛሬ ሆልጊን በሚባለው ግዛት፣ ካኮኩም በምትባል አነስተኛ ስፍራ ነው። ቤተሰቦቹ ገበሬዎች ነበሩ። አገሩ የሸንኮራ አገዳ አገር ነው፤ አገዳው ሲቆረጥ ሥራ አለ፣ ሲያልቅ ረሃብ አለ። በ1952 ባቲስታ መንግሥት ገልብጦ ሥልጣን ሲይዝ ኦቾአ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበር። ፊደል ካስትሮና ጓደኞቹ በታኅሣሥ 1956 በግራንማ ጀልባ ከሜክሲኮ መጥተው ወደ ሲዬራ ማይስትራ ተራሮች ከገቡ በኋላ እሱም ወደዚያው ወጣ። የካሚሎ ሲየንፉዌጎስ ተዋጊ ሆኖ ከምሥራቅ ወደ መሐል ኩባ የተደረገውን ረጅም ጉዞ በእግሩ ተጉዟል። ባቲስታ በጥር 1959 ሲሸሽ ይህ የገበሬ ልጅ መኮንን ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቱ በሻንጣ ያለቀ ነው ማለት ይቻላል። ወደ ሶቪየት ኅብረት ተልኮ በፍሩንዜ የጦር አካዳሚ ተማረ። በ1965 የኩባ ኮሚኒስት ፓርቲ ሲዋቀር የማዕከላዊ ኮሚቴ አባል ሆነ። በ1960ዎቹ አጋማሽ በምስጢር ቬኔዝዌላ ገብቶ ከዳግላስ ብራቮ ሽምቅ ተዋጊዎች ጋር ጫካ ውስጥ ኖሯል፤ ያ ዘመቻ አልተሳካም። አንጎላ ነፃ ልትወጣ ስትል የደቡብ አፍሪካ ጦር በወረራት ጊዜ ኩባ ስትዘምት እሱም ወደዚያ ሄደ። ወታደሮቹ ከነሱ ጋር የሚበላ፣ የሚቀልድ፣ ስማቸውን የማይረሳ አዛዥ አድርገው ያስታውሱታል። ይህን ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በኩባ ሳለሁ እሱ ያዘዛቸው ከነበሩ ሰዎች አፍ ሰምቻለሁ። ምስክሮቼ ወዳጆቹ ስለሆኑ አንባቢ በዚያው ልክ ይመዝነው።

ወደኛ ጉዳይ እንምጣ። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ካስትሮ ኮሎኔል መንግሥቱንና ሲያድ ባሬን ኤደን ላይ አገናኝቶ በፌዴሬሽን ተሳሰሩ ቢላቸውም አልሆነም። በክረምቱ የሶማሊያ ጦር ድንበር ጥሶ ገባ። ነሐሴ ላይ ድሬዳዋን ሊይዝ ሞክሮ ተመለሰ። ጅጅጋ ግን መስከረም 2 ቀን 1970 ዓ.ም.፣ የአብዮቱ ሦስተኛ ዓመት በሚከበርበት ዕለት ወደቀች። የካራማራ ማለፊያም አብሮ ተያዘ። ማለፊያውን የያዘ የሐረርን በር ይዟል ማለት ነው።

በዚያው ኅዳር ሲያድ ባሬ ከሶቪየት ኅብረት ጋር የነበረውን ውል ቀድዶ አማካሪዎቹን አባረረ፤ ከኩባም ጋር ግንኙነቱን አቋረጠ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማመን ያስቸግራል። ሰማዩ በሶቪየት ዕቃ ጫኝ አውሮፕላኖች ተሞላ፤ በባሕርም በመርከብ ተጋዘ። ታንክ፣ መድፍ፣ ሚሳይል መጣ። የሶቪየቱ ጄኔራል ቫሲሊ ፔትሮቭ ከመኮንኖቻቸው ጋር መጡ። ካስትሮም በኅዳር ወር ጦር ለመላክ ወሰነ። የኩባ ጦር አዛዥ ሆኖ የተሰየመው ኦቾአ ነበር፤ እስከ ጦርነቱ ማብቂያ ከአሥር ሺህ የሚበልጡ ኩባውያን ኢትዮጵያ ገብተዋል። ከፊታቸው የቆሙት የሶማሊያ መኮንኖች ብዙዎቹ በሶቪየት የጦር ትምህርት ቤቶች ያለፉ ናቸው። ኦቾአ ፍሩንዜ የተማረውን የሚያውቅ፣ እሱ የያዘውን ታንክ የያዘ ጠላት ነበር የገጠመው።

ጥር መጨረሻ ላይ ከድሬዳዋ በስተሰሜን፣ ዛሬ የሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን በሚባለው አካባቢ ማጥቃት ተጀመረ። ሐረዋና ጀልዴሳ ነፃ ወጡ፤ የድሬዳዋ ሥጋት ተወገደ። የቀረው ካራማራ ነው። ማለፊያውን ፊት ለፊት መግጠም ማለት ከላይ የሚተኮስበት ጠባብ መንገድ ላይ ሰውን ማስፈጀት ነበር። ስለዚህ አንዱ ክንድ በሰሜን በኩል ተራራውን ዞሮ እንዲሻገር፣ ከዚያም ግዙፎቹ ኤምአይ-6 ሄሊኮፕተሮች ቀላል ብረት ለበሶችንና ወታደሮችን ከተራራው ጀርባ እንዲያወርዱ ተደረገ። የሶማሊያ ጦር ጠላቱን ከምዕራብ ሲጠብቅ ከኋላው አገኘው። የካቲት 26 ቀን ጅጅጋ ተለቀቀች። የካቲት 30 ቀን ሲያድ ባሬ ጦሩን እንደሚያስወጣ አስታወቀ። ኢትዮጵያም ኩባም አስቀድመው ቃል እንደገቡት ድንበሩን አልተሻገሩም።

ዕቅዱን ማን ነደፈው በሚለው ላይ ክርክሩ አላለቀም። ፔትሮቭን የሚያስቀድሙ አሉ፣ ኦቾአን የሚያስቀድሙ አሉ። እኔ ኩባ ስላደግሁ ለኦቾአ ባዳላ አይፈረድብኝም። ሆኖም ድሉን ለሁለት የውጭ ጄኔራሎች ብቻ አስረክቦ መሄድ ደስ አይለኝም። ታጠቅ ጦር ሠፈር ጥቂት ወራት ሠልጥኖ፣ ታንክ በሕይወቱ አይቶ የማያውቅ ገበሬ ነው ያንን ተራራ ዳር ዳሩን የወጣው። በዚያ በኩል ያለውንም ወጣት እንዲሁ ማሰብ ያስፈልጋል።

ጦርነቱ አለቀ፤ ብረቱ ቀረ። በዚህ ምድር ብረት የተጣለው ያን ጊዜ ብቻ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. ደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል ከቱርካዊው ዌሂብ ፓሻ ጋር በሳሳበነህና በደገሃቡር መስመር ምሽግ ሲያስቆፍሩ ግራዚያኒ ቦምብና የመርዝ ጋዝ አውርዶበታል። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝ ጦር ናይጄሪያውያን ወታደሮች ይህንኑ ካራማራን ከጣሊያን ቀምተዋል። ግን የ1970ው የተለየ ነው፤ መጠኑ በዛ፣ የተቀበረውም ፈንጂ በዛ።

አደር እንዳጫወቱኝ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሕዝቡ ብረቱን ፈርቶት ነበር። ቀስ በቀስ ለመደው። የጥይት ሳጥኑ የልብስ ሣጥን ሆነ። የመድፍ ቀለህ ውኃ መቅጃ፣ አንዳንዱም ዘንግ ተመትቶበት የትምህርት ቤት ደወል ሆነ። ከታንክ ሞተር የወጣ ቱቦ የጉድጓድ ውኃ ሲስብ ማየታቸውን ይምላሉ። በ1980 ዓ.ም. ሐርጌሳ በራሷ መንግሥት አውሮፕላኖች ስትደበደብ የሸሸው ሕዝብ ወደዚህ መጣና ሐርቲሸክ ላይ በዓለም ከታወቁት ታላላቅ የስደተኛ ሠፈሮች አንዱ ተመሠረተ። አደርም ከነልጆቻቸው አብረው ተመልሰው፣ እዚያው በአገራቸው መሬት ላይ ስደተኛ ሆነው ተመዘገቡ። ያን ጊዜ ቤት መሥሪያ እንጨት ስለሌለ ጠፍጣፋ ብረት ሁሉ ጣሪያ ወይም በር ሆኗል። ሠፈሩ በ1996 ዓ.ም. ተዘጋ።

ቀጥሎ የመጣው ገዢ ነው። ቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ባወጣ ጊዜ አዲስ አበባ ዙሪያ ያሉት ማቅለጫዎች የሚፈልጉት ሆነ። በሠፈራችን ቆራሌው እያለ የሚዞረው ሰው የሰበሰበው አሮጌ ድስትና የካራማራ ታንክ አንድ ምድጃ ውስጥ ይገናኛሉ ብሎ ማን ያስባል? የታንክ ብረት ወፍራም ስለሆነ በጋዝ እየተቆረጠ ነው የሚጫነው። የአንዳንዱ ባለ ፎቅ ፌሮ ብረት ውስጥ የ1970 ጦርነት ሊኖር ይችላል። በዚህ ሥራ ያልፈነዳ ተተኳሽ ነክተው እጃቸውን ወይም ሕይወታቸውን ያጡ አሉ፤ አደር የወንድማቸውን ልጅ ያጡት እንዲህ ነው። ልጁ የቀጠቀጠው ነገር ምን እንደሆነ እንኳ አላወቀም ነበር።

የኢትዮጵያ የፈንጂ አምካኝ መሥሪያ ቤት በ1993 ዓ.ም. ተቋቁሞ በሰሜንም በምሥራቅም ሠርቷል። አገራችን ፀረ ሰው ፈንጂን የሚከለክለውን የኦታዋ ስምምነት በ1997 ዓ.ም. አጽድቃለች። በስምምነቱ መሠረት በአሥር ዓመት ውስጥ መሬቱን ማጽዳት ሲገባት ጊዜው እንዲራዘምላት በተደጋጋሚ ጠይቃለች። ካልተጣራው መሬት አብዛኛው የሚገኘው በሶማሌ ክልል ነው። ሾፌሬ ከፍየሎቹ መንገድ እንዳልወጣ የለመነኝ ስለዚህ ነው።

የኔ ታሪክ ከዚህ ጋር የተገናኘው በ1971 ዓ.ም. ነው። በጦርነቱ አባቶቻቸውን ያጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ለትምህርት ወደ ኩባ ሲላኩ እኔም አንዱ ነበርኩ። ዕድሜዬ አሥራ አንድ። የወጣቶች ደሴት በሚሏት ደሴት ላይ ግማሽ ቀን እንማራለን፣ ግማሽ ቀን ቶሮንሃ የሚሉትን መራራ ብርቱካን እንለቅማለን። መጀመሪያ ሌሊት ሌሊት ያለቀሰ ብዙ ነበር። ቆይቶ እስፓኝኛው ከአማርኛው ቀደመን። መምህራኖቻችን ስለ ካራማራ ሲያስተምሩን የኦቾአን ስም ያነሱ ነበር። ለኔ ያ ስም የአባቴን ሞት ትርጉም የሚሰጠው ስም ነበር። ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን ቢመጣ አባቴን አይተኸዋል ወይ ብዬ እጠይቀዋለሁ እያልኩ አስብ ነበር። አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ በዚያ ዘመን ግን ከልቤ ነበር።

በደሴቷ ላይ ሆነን ስለ ሌሎች ደሴቶችም ተምረናል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓኖችና አሜሪካውያን በፓስፊክ ውቅያኖስ የተፋጁባቸው ጓዳልካናልንና ፔሌሊዩን የመሳሰሉ ደሴቶች እስከ ዛሬ በዛገ ታንክና መድፍ የተሞሉ ናቸው። ትሩክ በሚባለው የባሕር ሰርጥ በየካቲት 1944 እ.ኤ.አ. የሰጠሙ የጃፓን መርከቦችን ለማየት ጠላቂ ቱሪስቶች ገንዘብ ከፍለው ይሄዳሉ። የሰለሞን ደሴቶች ሕዝብ ግን በዚያ ዘመን በተረፈ ቦምብ ዛሬም ይሞታል። ጅጅጋ ያ ቱሪስት አልመጣላትም፤ ቦምቡ ብቻ ነው የደረሳት።

ኦቾአ ከኢትዮጵያ በኋላ ወደ ላይ ወጣ። በኒካራጓ የኩባ ወታደራዊ ተልዕኮ ኃላፊ ሆነ። በ1984 የኩባ ሪፐብሊክ ጀግና የሚለው ከፍተኛ ማዕረግ ተሰጠው። በ1987 መጨረሻ ወደ አንጎላ ተመለሰ። እዚያ የተካሄደውን ጦርነት ካስትሮ ከሐቫና ሆኖ በቴሌግራም ይመራው ነበር፤ ኦቾአ የተባለውን በሰዓቱ አልፈጸመም ብሎ ተቆጣ፤ የደቡቡን ግንባር ሌላ ጄኔራል እንዲመራው አደረገ። እንደኔ ግምት ቅያሜው የተጀመረው እዚህ ነው።

ሰኔ 1989 ላይ ኦቾአ ታሰረ። የምዕራቡን ጦር ሊረከብ ነው ሲባል ነበር የታሰረው። ክሱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በአንጎላ ሳለ በዝሆን ጥርስ፣ በአልማዝና በሌላ የጥቁር ገበያ ንግድ ገባ የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛውና ከባዱ ረዳቱን ወደ ኮሎምቢያ ልኮ ከዕፅ ነጋዴው ፓብሎ ኤስኮባር ጋር ተነጋገረ የሚል ነው። ከሱ ጋር የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ኮሎኔል አንቶኒዮ ዴ ላ ጓርዲያና ሌሎችም ቀረቡ። መጀመሪያ አርባ ሰባት ጄኔራሎችና አድሚራሎች የተቀመጡበት የክብር ችሎት ማዕረጉን ገፈፈው። ብዙዎቹ የጦር ሜዳ ጓደኞቹ ነበሩ። ቀጥሎ የጦር ፍርድ ቤቱ።

ችሎቱ በቴሌቪዥን ይታይ ነበር። እኔ ያን ጊዜ የሃያ አንድ ዓመት ተማሪ ነኝ። ማደሪያችን ውስጥ በነበረችው አንዲት ቴሌቪዥን ዙሪያ ኢትዮጵያውያን፣ አንጎላውያን፣ ኒካራጓውያን ተሰብስበናል። ሦስታችንም አገሮች ይህ ሰው የተዋጋባቸው ናቸው። ማንም አልተናገረም። ኦቾአ ጥፋቱን አመነ። ራሱን ናቀ፤ ቢረሸን የመጨረሻ ሐሳቡ ከፊደል ጋር እንደሚሆን ተናገረ። ከጎኔ የነበረው አንጎላዊ ተነስቶ ወጣ። እኔ ተቀምጬ ቀረሁ። አባቴን አይተኸዋል ወይ የሚለው ጥያቄ በዚያች ሌሊት ከውስጤ መውጣቱ ይሰማኛል።

የመንግሥት ምክር ቤቱ ፍርዱን አጸደቀ። ሐምሌ 13 ቀን 1989፣ በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 6 ቀን 1981 ዓ.ም. ንጋት ላይ ከሦስት ሰዎች ጋር ተረሸነ። ያጠፋው ሁሉ ለሞት ይበቃል ወይስ አይበቃም በሚለው ላይ ኩባውያን አሁንም አይስማሙም። የሶቪየቱ መሪ ጎርባቾቭ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ሐቫናን ጎብኝቶ ነበርና፣ በወታደሩ ዘንድ የተወደደና ሩስያን የሚያውቅ ጄኔራል ያሰጋቸው ነበር የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ አሜሪካ በዕፅ ንግድ ስም እንዳትመጣባቸው የቀደሙ ናቸው ይላሉ። ለኔ ሁለቱም ጥቂት ጥቂት እውነት ያለባቸው ይመስለኛል። ከክሱ ንጹሕ ነበር ለማለት ግን አልደፍርም፤ ረዳቱ ኮሎምቢያ መሄዱን እሱም አልካደም።

ከዚያ በኋላ መምህራኖቻችን ስሙን ማንሳት ተዉ። የካራማራ ትምህርት ቀጠለ፤ አዛዥ የሌለው ጦርነት ሆኖ። በዚያው ዓመት የመጨረሻዎቹ የኩባ ወታደሮች ኢትዮጵያን ለቀው ወጡ። ታኅሣሥ 7 ቀን 1989 ደግሞ በአንጎላ፣ በኢትዮጵያና በሌሎች አገሮች የሞቱ ኩባውያን አጽም በየትውልድ ቀያቸው በአንድ ቀን ተቀበረ። እኛ ኢትዮጵያውያኑ ነጭ ሸሚዝ ለብሰን ሰልፍ ላይ ቆምን። ትንንሽ ሳጥኖች ነበሩ፤ በያንዳንዱ ላይ ባንዲራ። በዚያች ከሰዓት የቀናሁበትን ያህል በሰው ቀንቼ አላውቅም። የነሱ ሰው ከካራማራ ተለቅሞ መጥቷል።

ይህን ሁሉ ለአደር ልጅ በታንኩ ጥላ ሥር ነገርኩት። ኦቾአ የሚለውን ስም ሰምቶት አያውቅም። የኩባውያኑን ነገር ግን ከአባቱ ሰምቷል፤ ሲጋራ ይወዱ ነበር አለ። ከዚያ ብረቱን መታ መታ አድርጎ፣ አንድ ነጋዴ ከሐረር መጥቶ ዋጋ እንደጠየቀበትና በመሬቱ ጎሣ ሽማግሌዎች መካከል ገና እንዳልተስማሙበት አጫወተኝ። ልጅቷ ጨርቋ መድረቁን አይታ አጠፈችው። ፍየሎቹን አስነሳች። እኛም በመጣንበት፣ በፍየሎቹ መንገድ፣ አንዱ የሌላውን ዱካ እየረገጠ ወደ መኪናችን ተመለስን።